ያልተቃጠለው መጽሐፍ፦ የባለቅኔው የቨርጂል ሕይወት

በዚህ እትም ሕይወቱን ልናካፍላችሁ የመረጥነው ሰው ቨርጂል የሚባል የጥንት ሮማዊ ባለቅኔ ነው። ከሞተ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል። ብዙዎቻችን ስሙን ሰምተን ላናውቅ እንችላለን። በእርሱ ዘመን ሮምን ይገዛ የነበረው ግን በሉቃስ ወንጌል በልደት ታሪክ ስሙ የሚነሣው አውግስጦስ ቄሣር ስለሆነ ዘመኑ ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም።

ይህን ሰው ያለ ምክንያት አልመረጥነውም። በማኅበራችን ስብሰባዎች ደጋግመው የሚነሡ ሦስት ጉዳዮች አሉ፤ ከቤትና ከመሬት መፈናቀል፣ ስደት፣ እንዲሁም ቤተሰብን የመሸከም ኃላፊነት። የቨርጂል ሥራ ሁሉ በእነዚህ በሦስቱ ዙሪያ ነው። ኤኒይድ የተባለው ትልቁ ግጥሙ የሚተርከው አገሩ ስለተቃጠለችበትና ሽማግሌ አባቱን በትከሻው ተሸክሞ ስለተሰደደ ሰው ነው። እኛ ሒሳብ የምንሠራ ሰዎች ደግሞ ሌላ የምንወድለት ነገር አለ፤ ይህ ባለቅኔ የድሉን ትርፍ ብቻ አልጻፈም፤ ትርፉ የወጣበትን ወጪም ጽፏል።

የንብ አናቢው ልጅ

ቨርጂል የተወለደው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ70 ዓመት፣ ኦክቶበር 15 ቀን ነው። የትውልድ ቦታው በሰሜን ኢጣሊያ ማንቱዋ ከምትባል ከተማ አጠገብ የምትገኝ አንዴስ የተባለች መንደር ናት። አባቱ ከትልቅ ቤት የተወለደ ሰው አልነበረም። የጥንት ጸሐፊዎች ገሚሶቹ ሸክላ ሠሪ ነበር ሲሉ ሌሎቹ ደግሞ የሰው ተቀጣሪ ነበር ብለዋል። ሸክላ ሠሪነት በእኛም አገር ስንት ዘመን ሲናቅ የኖረ፣ የብዙ እናቶችን ጎጆ ግን ያቆመ ሙያ መሆኑን እናውቃለን። አባትየው ታታሪ ስለነበር አሠሪው ልጁን ዳረለት። እርሱም ቀስ በቀስ ደን እየገዛና ንብ እያረባ ጥሪቱን አሳደገ። ያገኘውንም ገንዘብ ለልጁ ትምህርት አዋለው።

ልጁ በመጀመሪያ ክሬሞና፣ ቀጥሎ ሚላኖ፣ በመጨረሻም ሮም ድረስ ሄዶ ተማረ። ከተማራቸው ነገሮች መካከል ሕክምናና የሒሳብ ትምህርት ይገኙበታል። በዚያ ዘመን የተማረ ወጣት ከሚሰማራባቸው ሥራዎች አንዱ ጥብቅና ነበር። ቨርጂልም ሞከረው፤ በዳኞች ፊት የቆመው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ንግግሩ ቀርፋፋ ስለነበር ያልተማረ ሰው ይመስል ነበር ይላሉ። ረጅም፣ ጠይም፣ መልኩም የገጠር ሰው የሚመስል ነበር። ጤናው ደካማ ነው፤ ሆዱን፣ ጉሮሮውንና ራሱን ያመው ነበር። ዓይናፋርነቱ ደግሞ የባሰ ነው። ዝነኛ ከሆነ በኋላ ሰዎች በመንገድ ላይ ሲጠቋቆሙበት በአቅራቢያው ወዳገኘው ቤት ገብቶ ይደበቅ ነበር።

ጥብቅናውን ትቶ ወደ ናፖሊ ሄደና ሲሮ ከተባለ ፈላስፋ ጋር ተቀመጠ። ከሮም ግርግር ይልቅ የናፖሊን ጸጥታ መረጠ። ኋላ ሀብታም ሆኖ ሮም ውስጥ ቤት ሲኖረው እንኳ አብዛኛውን ጊዜውን በናፖሊ አካባቢና በሲሲሊ ያሳልፍ ነበር።

መሬታቸውን የተነጠቁ ሰዎች

የቨርጂል ወጣትነት የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ዩልየስ ቄሣር ተገደለ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ42፣ የቄሣር ወራሽ ኦክታቪያንና ማርክ አንቶኒ ገዳዮቹን ፊልጵስዩስ ላይ ድል አደረጓቸው። ይህች ፊልጵስዩስ ኋላ ሐዋርያው ጳውሎስ መልእክት የጻፈላት ከተማ ናት። ኦክታቪያን የተባለውም ያው በኋላ አውግስጦስ የተባለው ነው።

ጦርነቱ ሲያልቅ ዕዳው ቀረ። ለወታደሮቹ መሬት ተብሎ ቃል ተገብቶላቸው ነበር። ባዶ መሬት ግን በበቂ አልነበረም። ስለዚህ በኢጣሊያ 18 ከተሞች ተመርጠው የገበሬዎቻቸው መሬት ለወታደሮች ተከፋፈለ። ክሬሞና አንዷ ነበረች። የክሬሞና መሬት አልበቃ ሲል ጎረቤቷ ማንቱዋ ተጨመረችበት። እነዚያ ገበሬዎች ጥፋት ኖሮባቸው አይደለም፤ ሌላ ሰው የገባውን ቃል በእነርሱ ርስት ከፈሉት።

የጥንት የሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎች የቨርጂል ቤተሰብ መሬትም እንደተነካ፣ ባለሥልጣን የነበሩ ወዳጆቹ ግን እንደደረሱለት ይናገራሉ። እርሱ በዚያ ሰሞን በእረኞች ሕይወት ላይ የተመሠረቱ አሥር ግጥሞች ጻፈ። በመጀመሪያው ግጥም ሁለት እረኞች ይገናኛሉ። አንደኛው ሮም ድረስ ሄዶ ከአንድ ኃያል ወጣት መሬቱን አስፈቅዶ ስለመጣ በጥላ ሥር ተቀምጦ ዋሽንት ይነፋል። ሁለተኛው ፍየሎቹን እየነዳ አገሩን ጥሎ ይሄዳል፤ አንዷ ፍየሉ መንታ ወልዳ ግልገሎቹን በባዶ ድንጋይ ላይ ጥላቸው መጥታለች። ተሰዳጁ ያቀናውን ማሳ ነገ ወታደር እንደሚያርስበት እያሰበ ያዝናል። ባለ ርስቱ ለአንድ ሌሊት ማደሪያና ትንሽ ምግብ ያቀርብለታል፤ ከዚያ በላይ ማድረግ አይችልም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ዘመድ ያለው ዳነ፤ ዘመድ የሌለው ተሰደደ። ቨርጂል እንደሚባለው ከዳኑት ወገን ከነበረ፣ የእርሱን መትረፍ ብቻ አመስግኖ ሊያልፍ ይችል ነበር። እርሱ ግን ያልተረፈውን ጎረቤት በዚያው ግጥም ውስጥ አቆመው፤ ኀዘኑንም በሙሉ እንዲናገር ፈቀደለት።

ሰባት ዓመት ስለ እርሻ

እነዚያ ግጥሞች ከወጡ በኋላ ቨርጂል ማይኬናስ የተባለ ሰው ደጋፊው ሆነ። ማይኬናስ የኦክታቪያን የቅርብ አማካሪና እጅግ ሀብታም ሰው ነበር፤ ባለቅኔዎችን እየረዳ ያሠራ ነበር። ስሙ እስከ ዛሬ በብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች የጥበብ ደጋፊ ማለት ሆኖ ቀርቷል። ቨርጂል ዕድሉን ለብቻው አልያዘም። ሆራስ የተባለውን፣ አባቱ ነፃ የወጣ ባሪያ የነበረውን ወጣት ባለቅኔ፣ ከጓደኛው ከቫሪየስ ጋር ሆኖ ለማይኬናስ አስተዋወቀው። ሆራስም ከሮም ታላላቅ ባለቅኔዎች አንዱ ለመሆን በቃ።

ቀጥሎ ቨርጂል ስለ እርሻ ግጥም ጻፈ። አራት መጻሕፍት ናቸው። የመጀመሪያው ስለ ማሳና ስለ አየር ጠባይ፣ ሁለተኛው ስለ ዛፍና ስለ ወይን፣ ሦስተኛው ስለ ከብት፣ አራተኛው ስለ ንብ ነው። የንቡ ክፍል የአባቱን ቀፎዎች ያስታውሰናል። ንቦች ቤታቸውና ልጆቻቸው የጋራ እንደሆኑ፣ ገሚሱ ሊቀስም ሲወጣ ገሚሱ ማር ሲሠራ፣ ሌላው በር ሲጠብቅ፣ ለክረምቱም በበጋ እንደሚያከማቹ ይተርካል። የእኛን ማኅበር የሚያውቅ ሰው ይህን ቢያነብ ፈገግ ሳይል አይቀርም።

ይህ ሥራ ወደ 2,200 መስመር ገደማ ነው፤ የፈጀበት ጊዜ ደግሞ ሰባት ዓመት ነው። አካፍለን ብናየው በቀን አንድ መስመር እንኳ አይሞላም። አሠራሩ እንዲህ ነበር ይባላል፤ ጠዋት ብዙ መስመሮች እየተናገረ ያስጽፋል፤ ቀኑን ሙሉ ሲያርምና ሲቀንስ ይውልና ማታ ጥቂት መስመሮች ብቻ ይተርፉታል። እርሱም ራሱ ሥራውን ግልገሏን እየላሰች ቅርጽ ከምታስይዝ ድብ ጋር ያመሳስለው ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ29 ዓመት ኦክታቪያን ከጦርነት ሲመለስ ግጥሙን ለአራት ቀን አነበበለት፤ ድምፁ ሲደክም ማይኬናስ እየተቀበለ ያነብለት ነበር።

ወዳጆቹ ከሰጡት ስጦታ የተነሣ ሀብቱ ወደ አሥር ሚሊዮን ሴስተርስ ገደማ ደርሶ ነበር ተብሎ ተጽፏል። የገንዘቡን መጠን ለመገመት ያህል፣ በዚያ ዘመን የአንድ ተራ ወታደር የዓመት ደመወዝ 900 ሴስተርስ ነበር። እንግዲህ ሀብቱ ከ11,000 ወታደሮች የዓመት ደመወዝ ጋር የሚስተካከል ነው። ይሁን እንጂ የሰጡትን ሁሉ አልተቀበለም። አውግስጦስ ከአገር የተባረረ የአንድ ሰው ንብረት ሊሰጠው ሲል፣ ቨርጂል ልቡ እሺ ስላላለው ሳይወስደው ቀረ። የተፈናቃዩን እረኛ ግጥም የጻፈ እጅ የሌላውን ስደተኛ ቤት አልወሰደም። ስጦታ ሲመጣ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ለእኛም ለማኅበርተኞች የሚገባ ጥያቄ ነው።

አባቱን በትከሻው የተሸከመ ሰው

ኦክታቪያን በ31 ዓመት ተቀናቃኙን አንቶኒን በባሕር ጦርነት ድል ካደረገ በኋላ የሮም ብቸኛ ገዥ ሆነ። ሮምን የሚያከብር ታላቅ ግጥም እንዲጻፍ ይፈልግ ነበር። ቨርጂል በ29 ዓመት ገደማ ሥራውን ጀመረ። ስለ አውግስጦስ ጦርነቶች ግን በቀጥታ አልጻፈም። ወደ ኋላ ብዙ መቶ ዓመታት ሄዶ የሮማውያን አባት ስለሚባለው ስለ ኤንያስ ጻፈ።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። ዛሬ ቱርክ በምንለው አገር የነበረችው ትሮይ ከአሥር ዓመት ከበባ በኋላ በግሪኮች እጅ ወድቃ በእሳት ትጋያለች። ኤንያስ መጀመሪያ ተዋግቶ መሞት ፈልጎ ነበር። ነገር ግን ሽማግሌ አባት፣ ትንሽ ልጅና ሚስት አሉት። አባቱ አንኪሴስ ከቤቴ አልወጣም ብሎ እንቢ ካለ በኋላ በምልክት ተጽናንቶ እሺ ይላል። ኤንያስ አባቱን በትከሻው ይሸከማል፣ ልጁን በእጁ ይይዛል፣ ከሚነድደው ከተማም ይወጣል። ከዚያ ሰባት ዓመት በባሕር ይንከራተታል። የተሰጠው ትእዛዝ ኢጣሊያ ደርሶ ለሕዝቡ አዲስ አገር እንዲመሠርት ነው። በመጨረሻም ይደርሳል፤ የሚጠብቀው ግን ሌላ ጦርነት ነው።

ሮማውያን ለዚህ ሰው ጠባይ ልዩ ስም ነበራቸው። ለአማልክት፣ ለወላጅ፣ ለልጅና ለአገር የሚገባውን ሁሉ መፈጸም ማለት ነው። ኤንያስ የሚፈልገውን የሚያደርግ ጀግና አይደለም፤ የሚገባውን የሚያደርግ ሰው ነው። ይደክመዋል፣ ያለቅሳል፣ በማዕበል መካከል ሆኖ አገሩ ላይ በሞቱት ይቀናል። ሰዎቹ ፊት ግን ተስፋ ያለው መስሎ ይታያል። ቤተሰብ ለመርዳት ከአገር ወጥታ፣ ስልክ ስትደውል ደህና ነኝ ከማለት በቀር ሌላ የማትናገር ልጅ ያለችን እናቶች ይህን ያለ አስተማሪ እንረዳዋለን።

አገራችንም በዚህ ግጥም ውስጥ በስም ትነሣለች። ኤንያስ ካርቴጅ ሲደርስ በቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ የትሮይ ጦርነት ተሥሎ ያያል። ከተሣሉት መካከል ትሮይን ለመርዳት የመጣው ጥቁሩ የኢትዮጵያውያን ንጉሥ ሜምኖን ይገኝበታል። እርግጥ የጥንት ግሪኮችና ሮማውያን ኢትዮጵያ የሚሉት ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን ሰፊ ምድር ሁሉ ነበር።

ከኋላ የቀሩት ሴቶች

የቨርጂልን መጽሐፍ ከሌሎች የጀግንነት ግጥሞች የሚለየው እዚህ ላይ ነው ብለን እናምናለን። ለአንድ ሰው ግዴታ ዋጋውን ማን እንደከፈለ ይነግረናል። ከከፈሉት መካከል ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው።

የመጀመሪያዋ የኤንያስ ሚስት ክሬውሳ ናት። ከትሮይ ሲወጡ አባት ተሸክመው፣ ልጅ ተይዞ፣ እርሷ ግን ከኋላ ርቃ እንድትከተል ተነገራት። ኤንያስ ወደ ኋላ አላየም። ከከተማ ውጭ ተሰብስበው ሲቆጠሩ አንዲት ብቻ ጎደለች። ወደሚቃጠለው ከተማ ተመልሶ ስሟን እየጠራ ቢፈልጋትም ያገኘው መንፈሷን ነው። እርሷም ልጃቸውን እንዲጠብቅ አደራ ብላው ጠፋች።

ሁለተኛዋ የካርቴጅ ንግሥት ዲዶ ናት። ካርቴጅ ዛሬ ቱኒዝያ በሚባለው አገር የነበረች ከተማ ናት። ዲዶም ራሷ ስደተኛ ነበረች። ወንድሟ ለወርቅ ሲል ባሏን ገደለባት። እርሷ የተደበቀውን ሀብት አውጥታ፣ የተከተላትን ሕዝብ በመርከብ ጭና ሰሜን አፍሪካ ደረሰች። አንድ የበሬ ቆዳ የሚያካብበውን ያህል መሬት ገዝታ ከተማ ቆረቆረች። ቨርጂል ግንቡን፣ በሩን፣ ወደቡን የሚሠሩትን ሰዎች በበጋ ከሚተጉ ንቦች ጋር ያመሳስላቸዋል። ዲዶ ማዕበል የጣላቸውን ኤንያስንና ሰዎቹን ተቀብላ አበላች፣ አስጠለለች፣ ወደደችውም። ከዚያ የአማልክት ትእዛዝ መጣና ኤንያስ ጥሏት ሄደ። እርሷም በተወላት ሰይፍ ራሷን አጠፋች። ኋላ ኤንያስ በሕይወት እያለ ወደ ሙታን አገር ሲወርድ ያገኛታል፤ ያለ ፈቃዱ እንደተለያት እያለቀሰ ሊያስረዳት ይሞክራል። እርሷ አንድ ቃል ሳትመልስለት ፊቷን አዙራ ወደ ቀድሞ ባሏ ትሄዳለች። ቨርጂል ለጀግናው ሲል ይቅርታ አድርጋለታለች ብሎ አልጻፈም።

ሦስተኞቹ በሲሲሊ ዳርቻ ያሉት የትሮይ ሴቶች ናቸው። ወንዶቹ ለአንኪሴስ ሙት ዓመት የጨዋታ ውድድር ሲያደርጉ ሴቶቹ ለብቻቸው ባሕሩን እያዩ ያለቅሳሉ። ሰባት ዓመት ተንከራተዋል፤ ደክሟቸዋል፤ የሚፈልጉት ቤት ነው። በዚህ ስሜት ላይ እንዳሉ አንዲት መልእክተኛ አሮጊት መስላ ታነሣሣቸዋለች፤ መርከቦቹን በእሳት ይለቁባቸዋል። ዝናብ ወርዶ ሌሎቹን ሲያድናቸው አራት መርከቦች ጠፉ። የሚገርመው ኤንያስ ሴቶቹን አልቀጣቸውም። ጉዞው የሰለቻቸውና ያረጁት እዚያው እንዲቀሩ ከተማ ተሠራላቸው። ሸክም ለሁሉም እኩል እንደማይከብድ፣ ጉዞውን መቀጠል ያልቻለም ሰው ማረፊያ እንደሚገባው የሚያሳይ ነው።

ከእነዚያ እናቶች መካከል ልጇን ለብቻው ላለመተው እስከ ጦርነቱ ድረስ የተከተለች አንዲት እናት ነበረች። ልጇ ኤውርያሉስ በሌሊት ውጊያ ተገደለ። ወሬው ሲደርሳት የሽመና ሥራ ላይ ነበረች፤ መወርወሪያዋ ከእጇ ወደቀ። ለቅሶዋ የወታደሮቹን ወኔ ስላላላው ደግፈው ወደ ቤት አስገቧት። የጦርነት ታሪክ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለችውን እናት አይመዘግብም። ቨርጂል መዝግቧታል።

በዚሁ መጽሐፍ በስምንተኛው ክፍል ስም የሌላት አንዲት ሴት አለች። ባለቅኔው አንጥረኛው አምላክ የጦር መሣሪያ ሊሠራ በእኩለ ሌሊት መነሣቱን ሊገልጽ ፈልጎ፣ ሱፍ በመፍተል የምትተዳደር ሴት ምሳሌ ያመጣል። ሌሊት ተነሥታ ረመጡን ትቆሰቁሳለች፤ ሌሊቱን በቀኑ ላይ ጨምራ በመብራት ትሠራለች፤ ዓላማዋ ትዳሯን በክብር መጠበቅና ትንንሽ ልጆቿን ማሳደግ ነው። የአምላክን ሥራ ከዚህች ሴት ሥራ ጋር ማመሳሰሉ ትልቅ ክብር ነው። ከአባሎቻችን ስንቶቹ በሌሊት ተነሥተው ሊጥ እንደሚያቦኩና ጥጥ እንደሚፈትሉ ስለምናውቅ ይህን ቦታ እናከብረዋለን።

ብሪንዲዚ ላይ

ቨርጂል ኤኒይድን ሲጽፍ መጀመሪያ ታሪኩን በስድ ንባብ አሰናድቶ በ12 መጻሕፍት ከፈለው። ከዚያ ልቡ በወደደው ክፍል እየጀመረ ወደ ግጥም ይለውጠው ነበር። ሥራው እንዳይቋረጥበት ያልተጠናቀቁ መስመሮችን እንዳሉ ያልፋቸዋል፤ ቤት ሲሠራ ቋሚው ምሰሶ እስኪመጣ ድረስ እንደሚተከል ድጋፍ ናቸው ይል ነበር። አውግስጦስ ከስፔን ዘመቻ ላይ ሆኖ ከተጻፈው ጥቂት እንዲላክለት ደጋግሞ ቢጠይቀውም አልላከም። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሦስት ክፍሎች ብቻ አነበበለት። በዚያ ንባብ ላይ የአውግስጦስ እኅት ኦክታቪያ ነበረች። በስድስተኛው ክፍል በወጣትነቱ የሞተው ልጇ ማርሴሉስ ሲነሣ ራሷን ስታ ወደቀች፤ በጭንቅ ነፍሷ ተመለሰ ይባላል።

በ19 ዓመት ቨርጂል ወደ ግሪክና ወደ እስያ ሄዶ ሦስት ዓመት ግጥሙን ለማረም፣ ከዚያም ቀሪ ዘመኑን በፍልስፍና ለማሳለፍ አሰበ። አቴና ላይ ከምሥራቅ ሲመለስ ከነበረው ከአውግስጦስ ጋር ተገናኘና አብሮ ለመመለስ ወሰነ። ሜጋራ የተባለችውን ከተማ በጠራራ ፀሐይ ሲጎበኝ ታመመ። የባሕሩ ጉዞ ሕመሙን አባባሰው። ብሪንዲዚ ወደብ ደርሶ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሴፕቴምበር 21 ቀን አረፈ። 51 ዓመት ሊሞላው ከአንድ ወር ያነሰ ጊዜ ቀርቶት ነበር። ዐፅሙ ወደሚወዳት ወደ ናፖሊ ተወስዶ ተቀበረ።

ኑዛዜው

ኑዛዜው የሒሳብ ሠራተኛን ልብ ደስ የሚያሰኝ ነው። ሮማውያን ውርስን በ12 እጅ ይከፍሉ ነበር። ግማሹን፣ ማለት 6 እጁን፣ ለእናቱ ልጅ ለወንድሙ ለቫሌሪየስ ፕሮኩሉስ አወረሰ። ሩቡን፣ 3 እጁን፣ ለአውግስጦስ ሰጠ። 1 እጁ ለማይኬናስ ሆነ። የቀረው 2 እጅ ለጓደኞቹ ለቫሪየስና ለቱካ ነው። ሲደመር ልክ 12 ይመጣል፤ ለክርክር የሚተርፍ የለም።

ሳይዘጋ የቀረው ሒሳብ መጽሐፉ ነበር። ከኢጣሊያ ሳይወጣ ቫሪየስን አንድ ነገር ቢደርስብኝ ኤኒይድን አቃጥለው ብሎ ለምኖት ነበር፤ ቫሪየስ እንቢ አለ። በሞት አልጋው ላይ ሆኖ ራሱ ሊያቃጥለው የመጽሐፉን ሣጥኖች አምጡልኝ እያለ ደጋግሞ ጠየቀ፤ ያመጣለት ሰው አልነበረም። በመጨረሻ ጽሑፎቹን ለቫሪየስና ለቱካ ተወላቸው፤ ቅድመ ሁኔታውም እርሱ ራሱ ያላወጣውን እንዳያወጡ ነበር። ከሞቱ በኋላ አውግስጦስ መጽሐፉ እንዲወጣ አዘዘ፤ ወጣም።

በዚህ ጉዳይ በመካከላችን ሁለት አሳብ አለ። ገሚሶቻችን የሟች አደራ አደራ ነው፣ ሊጣስ አይገባም እንላለን። ንጉሥ ቢያዝ እንኳ የሰውየው ሥራ የሰውየው ነው። ሌሎቻችን ደግሞ የ11 ዓመት ድካም በሕመም ሰዓት በተነገረ ቃል መጥፋት የለበትም፣ ጓደኞቹ ከእርሱ ይልቅ ለእርሱ አስበዋል እንላለን። ሁለቱም አሳብ ክብደት አለው። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምናደንቀው ግን አወጣጡን ነው። ቫሪየስ እዚህም እዚያም በትንሹ ከማረም በቀር የራሱን ቃል አልጨመረበትም። ከሃምሳ በላይ የሚሆኑ ጎደሎ መስመሮች እንደጎደሉ ወጡ፤ እስከ ዛሬም እንደጎደሉ ይነበባሉ። ታላቅ ባለቅኔ የነበረው ቫሪየስ ሊሞላቸው ይችል ነበር። አደራውን በአንድ በኩል ቢያፈርስም በሌላ በኩል ጠበቀው፤ የጓደኛውን ድካም በራሱ ቃል አልሸፈነም። በመዝገብ ሥራም ትክክለኛው መንገድ ይኸው ነው፤ የጎደለውን ጎደለ ብሎ መጻፍ እንጂ የሚመስል ቁጥር ሞልቶ ማስተካከል አይደለም።

ከእርሱ በኋላ

ያ ሊቃጠል የነበረ መጽሐፍ በሮም ግዛት ሁሉ የተማሪ ቤት መጽሐፍ ሆነ። በ79 ዓ.ም. በእሳተ ገሞራ የተቀበረችው የፖምፔ ከተማ ስትቆፈር በግድግዳዎቿ ላይ ሰዎች የጫጫሯቸው የኤኒይድ ቃላት ተገኝተዋል። በ354 ዓ.ም. በሰሜን አፍሪካ የተወለደው አውግስጢኖስ በልጅነቱ ስለ ዲዶ ሞት እንዳለቀሰ በራሱ መጽሐፍ ጽፏል። በ14ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ኢጣሊያዊው ዳንቴ ወደ ሲኦል የሚያደርገውን የግጥም ጉዞ ሲጽፍ መንገድ መሪ አድርጎ የመረጠው ቨርጂልን ነው። ዳንቴ ራሱ ከከተማው የተሰደደ ሰው ነበር።

መጽሐፉ በሠርግ ወይም በእርቅ አያበቃም። ኤንያስ የጠላቱን መሪ ቱርኑስን አቁስሎ ከጣለው በኋላ ምሕረት ሲለምነው ያመነታል። የተገደለውን ወጣት ጓደኛውን ቀበቶ በላዩ ላይ ሲያይ በቁጣ ይገድለዋል። እዚያ ላይ ያልቃል። አባቱ በሙታን አገር የተሸነፈውን ማር ብሎ መክሮት ነበር። አገር መሥራቹ በመጨረሻዋ ሰዓት ምክሩን አልጠበቀም፤ ባለቅኔውም አልሸፈነለትም።

ከዚህ ሕይወት ለማኅበራችን የምንወስደው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ቤተሰብ ስንሸከም ከኋላ የምትከተለውንም መቁጠር ይገባናል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ እንደሚባለው፣ ኤንያስ ብቻውን የተሸከመውን እኛ ተካፍለን እንሸከም፤ ያን ጊዜ ወደ ኋላ የሚያይ ሰው አይጠፋም። ሁለተኛ፣ ኑዛዜያችንን በጤናችን ጊዜ፣ እያንዳንዱ እጅ ተደምሮ ሙሉ እንዲሆን አድርገን እናስቀምጥ፤ የእጃችን ሥራም ከእኛ በኋላ ምን እንደሚሆን ለምናምነው ሰው በግልጽ እንንገር። ሦስተኛ፣ የማኅበራችንን ታሪክ ስንጽፍ የተከፈተውን ሱቅና የተመለሰውን ብድር ብቻ አንጻፍ። ብድሩን ለመመለስ ማን ምን እንደተወች፣ ማን ደክሟት በመንገድ እንደቀረች አብረን እንጻፍ። ደጋፊዎቻችንም ያንን ሙሉውን መዝገብ ቢያዩ ደስ ይለናል።